ፈጣን የአኳሪየም ዓሦችን በዲጂታል ካሜራ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤቱ አኳሪየም ያለው ሰው ካሜራ ሲገዛ መጀመሪያ ከሚያነሳቸው ነገሮች መካከል ዓሦቹ ሳይኖሩበት አይቀርም። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ያበሳጫል። በዓይን ሲያዩት የሚያብለጨልጨው ዓሣ ፎቶው ላይ የደበዘዘ ሰረዝ ሆኖ ይወጣል፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ የፎቶ አንሺው ሸሚዝ ጎልቶ ይታያል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከዚሁ ብስጭት የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በተለይ እንደ ዚብራ ዳኒዮ፣ ታይገር ባርብ፣ ኒዮን ቴትራና ጋፒ ያሉትን፣ አርፈው የማይቀመጡ ትንንሽ ዓሦች ለሚያነሱ ሰዎች ነው።

ዓሦቼ ለምን ሁልጊዜ ደብዝዘው ይወጣሉ? ካሜራዬ አዲስ ነው፤ እጄም አይንቀጠቀጥም።

የሚንቀሳቀሰው ዓሣው ነው። አንድ ጊዜ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ መሥራት ብዙ ከንቱ ድካም ያስቀራል። ርዝመቱ አራት ሴንቲሜትር ግድም የሆነ ዚብራ ዳኒዮ በሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይዋኛል እንበል። ካሜራው በ1/60 ሰከንድ ካነሳ፣ ሹተሩ (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባው መዝጊያ) ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ዓሣው 5 ሚሊሜትር ተጉዟል፤ ይህ የሰውነቱ ርዝመት አንድ ስምንተኛ ነው። በ1/250 ሰከንድ 1.2 ሚሊሜትር፣ በ1/1000 ሰከንድ ደግሞ 0.3 ሚሊሜትር ይጓዛል።

0.3 ሚሊሜትር ከቁጥር የማይገባ ይመስላል። ነገር ግን ፎቶው የአኳሪየሙን 12 ሴንቲሜትር ወርድ ይዞ ቢነሳና ካሜራው ባለ 24 ሜጋፒክሰል ቢሆን፣ በአግድም 6000 ያህል ፒክሰል ስላለው እያንዳንዱ ሚሊሜትር 50 ፒክሰል ይደርሰዋል። ስለዚህ በ1/250 ሰከንድ የተነሳው ዓሣ 60 ፒክሰል ያህል ተጎትቶ ይወጣል፤ የዓይኑ ጠርዝም ሆነ የቅርፊቱ መስመር አይለይም። በ1/1000 ሰከንድ እንኳ 15 ፒክሰል ይጎተታል። በስልክ ስክሪን ላይ በትንሹ ሲታይ ይህ አያስታውቅም፤ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ያስታውቃል።

በዚህ ላይ የብርሃን እጥረት ይጨመራል። አኳሪየም ለእኛ ደማቅ መስሎ የሚታየን ዓይናችን ከክፍሉ ድንግዝግዝታ ጋር ስለተላመደ ነው። በእርግጥ ግን በደጅ ከሚገኝ የዛፍ ጥላ እንኳ በብዙ እጥፍ የጨለመ ነው። ካሜራው ሁሉንም ነገር ራሱ እንዲወስን ከተተወ ብርሃን ለማግኘት ሲል ሹተሩን ያዘገያል፤ ዓሣው ተጎትቶ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

እና ውድ ካሜራ መግዛት አለብኝ?

የለብዎትም። ካሜራው ሦስት ነገሮችን ከፈቀደ ይበቃል፦ ሹተርን፣ አፐርቸርን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እና አይ.ኤስ.ኦን (ካሜራው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎላ) በእጅ መወሰን፣ ፎከስን በእጅ ማዞር፣ እንዲሁም ከካሜራው የተነጠለ ፍላሽ ማስነሳት። እነዚህን የሚያሟላ ያገለገለ ዲ.ኤስ.ኤል.አር (ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ)፣ በአውቶ ከሚነሳ እጅግ ውድ ካሜራ የተሻለ የዓሣ ፎቶ ያወጣል። ተጨማሪ ገንዘብ ካለ ወደ ፍላሽ ቢሄድ እመርጣለሁ።

በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ያላቸው ሰዎች ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ካሜራው እስኪያነሳ ድረስ ዓሣው ከፍሬሙ እንደሚወጣባቸው ይናገራሉ። አብዛኛው መዘግየት የሚመጣው ካሜራው ፎከስ ሲፈልግ ነው። ቁልፉን በግማሽ ተጭነው ፎከሱን አስቀድመው ይያዙ፤ ዓሣው ሲደርስ የቀረውን ግማሽ ይጫኑ። ልዩነቱ ወዲያውኑ ይታያል።

የትኛው ሌንስ ይሻላል?

ከ60 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለ ማክሮ ሌንስ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነው፤ ትንሽ ዓሣን ሙሉ ፍሬም ያደርጋል፣ ከመስታወቱም ትንሽ ራቅ ብለው እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ሌንስም ቢሆን በ55 ላይ ሲሆን ከአምስት ሴንቲሜትር በላይ ለሆነ ዓሣ ጥሩ ያገለግላል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ሰው በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ባዶ የማራዘሚያ ቀለበት ቢገዛ በአነስተኛ ወጪ ወደ ዓሣው መቅረብ ይችላል።

ፍላሽ ስጠቀም መስታወቱ ላይ ነጭ እሳት ይታያል። ፍላሹን ልተወው?

አይተዉት፤ ቦታውን ይቀይሩ። ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ብርሃኑን በቀጥታ መስታወቱ ላይ ስለሚወረውር መስታወቱ መልሶ ወደ ሌንሱ ይልከዋል። ፍላሹ ከካሜራው ተነጥሎ ከአኳሪየሙ በላይ ሆኖ ወደ ታች ሲያበራ ግን ብርሃኑ በውኃው ገጽ በኩል ይገባል፤ ሌንሱ የሚያየውም ከዓሣው አካል የተመለሰውን ነው። በተፈጥሮም ብርሃን ለዓሣ የሚመጣው ከላይ ስለሆነ ሰውነቱ የሚታየው በሚገባው መልኩ ነው። ካሜራውንና ፍላሹን በገመድ ወይም በገመድ አልባ ማስነሻ ማገናኘት ይቻላል።

ከላይ ማብራት የቆየ ዘዴ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ድራይ ቶርቱጋስ የመጀመሪያዎቹን ባለ ቀለም የውኃ ውስጥ ፎቶዎች ሲያነሱ፣ ውኃው ላይ በተንሳፈፈ ታንኳ የማግኒዚየም ዱቄት እያነደዱ ነበር ከላይ ወደ ታች ያበሩት። ዛሬ ያንን አደገኛ ሥራ በእጅ የሚያዝ ፍላሽ ይሠራዋል።

የፍላሽ ትልቁ ሀብት ግን ብልጭታው እጅግ አጭር መሆኑ ነው። ካሜራ ላይ የሚሰካ ዓይነት ፍላሽ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ብልጭታው አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ኃይሉ ወደ 1/16 ወይም 1/32 ሲቀነስ ግን በብዙዎቹ ላይ ከአሥር ሺህኛ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ያ ዳኒዮ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጓዘው 0.03 ሚሊሜትር ነው፤ ፎቶው ላይ ሁለት ፒክሰል አይሞላም። ዓሣውን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀረው የሹተሩ ፍጥነት መሆኑ ይቀርና ብልጭታው ይሆናል። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ትልልቅ የስቱዲዮ ፍላሾች ብዙዎቹ ኃይላቸው ሲቀነስ ብልጭታቸው እንደሚረዝም ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ትንሹ ፍላሽ ነው።

ኃይሉ ሲቀነስ ብርሃኑ እንዳያንስ ፍላሹን ማቅረብ ነው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። ለመነሻ ያህል ካሜራውን ኤም (ሁሉንም በእጅ የሚወስኑበት) ላይ ያድርጉና ሹተሩን 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸሩን ኤፍ/11 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ አይ.ኤስ.ኦውን 400፣ ፍላሹን 1/16 ያድርጉት፤ ከዚያ የወጣውን ፎቶ አይተው አይ.ኤስ.ኦውን ወይም የፍላሹን ርቀት ያስተካክሉ። ሹተሩን ከዚህ ብዙ ማፍጠን አያስፈልግም። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሰከንድ በላይ ሲሄዱ ከፍላሹ ጋር መናበብ ስለማይችሉ የፎቶው አንድ ክፍል ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ቅንብሩ ትክክል መሆኑን የሚፈትሹበት ቀላል መንገድ አለ። ፍላሹን አጥፍተው በዚያው ቁጥር አንድ ፎቶ ያንሱ። ፎቶው ጥቁር ወይም ለጥቁር የቀረበ መሆን አለበት። ጥቁር ከሆነ ዓሣውን የሚያበራው ብልጭታው ብቻ ነው ማለት ነው። ምስል ከታየ የአኳሪየሙ መብራት እየገባ ስለሆነ ከጠራው ዓሣ ኋላ የሚጎተት ደብዛዛ ጥላ ያገኛሉ፤ አይ.ኤስ.ኦውን ይቀንሱ ወይም አፐርቸሩን ያጥብቡ።

ብርሃኑ እንዳይከር ከፍላሹ ፊት ነጭ ወረቀት ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ ይዘርጉ። የዓሣው ሆድ ከጨለመ ከታች ነጣ ያለ አሸዋ መኖሩ ብርሃኑን መልሶ ያነሳዋል፤ ሁለተኛ ፍላሽ ካለዎት በጎን በኩል በአነስተኛ ኃይል ይጨምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ይህን በጥብቅ እላለሁ። ፍላሽ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይጠራቀማል። ክፍት ውኃ ላይ በእጅ አንጠልጥለው አይያዙት። አኳሪየሙን በንጹሕ መስታወት ይክደኑና ፍላሹን ከክዳኑ በላይ በመቆሚያ ላይ ያጥብቁት።

ፍላሽ የለኝም፤ ምን ላድርግ?

የሚገባውን ብርሃን ያብዙ። በአኳሪየሙ ላይ ካለው መብራት ሌላ አንድ ወይም ሁለት የኤል.ኢ.ዲ መብራት ከላይ ለጊዜው ይጨምሩ። ሹተሩን 1/250 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው አፐርቸሩን እስከሚሄድበት ይክፈቱ፤ አይ.ኤስ.ኦውን 1600 ወይም 3200 ከማድረስ አይሰስቱ። አሸዋ የመሰለው የአይ.ኤስ.ኦ ቅንጣት በኮምፒውተር ይለሰልሳል፤ የተጎተተ ዓሣ ግን በምንም አይቃናም።

ከዚያ በኋላ የዓሣውን ጠባይ ይጠቀሙ። በጣም ፈጣን የሚባለው ዓሣ እንኳ ያለማቋረጥ አይሮጥም። ዳኒዮ የመስታወቱ ጫፍ ደርሶ ሲዞር ለቅጽበት ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ወንድ ጋፒ ሴቷ ፊት ጅራቱን ዘርግቶ ሲንቀጠቀጥ ባለበት ይቆያል። ቁልፉ የሚጫነው እነዚህ ቅጽበቶች ላይ ነው።

ሌላው አማራጭ እንቅስቃሴውን መቀበል ነው። ሹተሩን ወደ 1/30 ወይም 1/60 ሰከንድ ዝቅ አድርገው ካሜራውን ከዓሣው ጋር እኩል እያዞሩ ያንሱ። ሲሳካ ዓሣው በአንጻራዊነት ጠርቶ፣ ተክሉና ድንጋዩ ወደ ጎን የተሳሉ መስመሮች ይሆናሉ። አብዛኛው ሙከራ ይከሽፋል፤ የተሳካውን ያህል ፍጥነትን የሚያሳይ ሌላ ዓይነት ፎቶ ግን የለም።

ካሜራው ፎከስ እስኪያደርግ ዓሣው ይሄድብኛል።

ካሜራው ዓሣውን እንዲያሳድድ ከማድረግ ይልቅ ቦታ መርጦ መጠበቅ ይሻላል። መጀመሪያ ካሜራውን ሳያነሱ አሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጠው ይመልከቱ። ዓሦች መንገድ አላቸው። ዳኒዮዎች ከማጣሪያው የሚወጣውን የውኃ ግፊት እየተቃወሙ ይወጣሉ፣ ጥግ ይደርሳሉ፣ ይዞራሉ፣ በተክሎቹ ፊት ለፊት ይመለሳሉ፤ ይህንኑ ደጋግመው ያደርጋሉ። ከመንገዱ ላይ ኋላው ያማረ፣ ብርሃኑም የሚደርስበት አንድ ቦታ ይምረጡ።

ከዚያ እዚያ ቦታ በሚገኝ የተክል ቅጠል ወይም ድንጋይ ላይ ፎከስ አድርገው ሌንሱን ወደ በእጅ ፎከስ ይቀይሩት። ከዚህ በኋላ የፎከስ ቀለበቱን አይንኩ። ዓሣው ወደ መስመሩ ሲገባ ይጫኑ፤ ትንሽ ከቀረበ ወይም ከራቀ ራስዎ በግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘንብሉ። መጀመሪያ አስቸጋሪ ይመስላል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን ልምምድ በኋላ ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ ከብዙ ካሜራዎች አውቶፎከስም ይፈጥናል።

እዚህ ላይ አፐርቸሩ ወሳኝ ነው። ቀደም ሲል በጠቀስነው የ12 ሴንቲሜትር ፍሬም፣ አነስ ያለውን የኤ.ፒ.ኤስ-ሲ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበል ክፍል) በያዘ ካሜራ፣ ኤፍ/4 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግማሽ ሴንቲሜትር ግድም ነው። ኤፍ/11 ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር ይበልጣል። ለትንሽ ዓሣ ይህ ልዩነት ከዓይኑ እስከ ጎን ክንፉ ጠርቶ በመውጣቱና ባለመውጣቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ጥልቀቱ የማይበቃ ከሆነ ዓይኑን ያስቀድሙ። ጅራቱ ቢደበዝዝ ተመልካች ይቅር ይላል፤ የደበዘዘ ዓይን ግን ፎቶውን ይገድለዋል።

ካሜራዎ ፈጣን አውቶፎከስ ካለው ተከታታይ ፎከሱን ያብሩና ከብዙ ነጥቦች ይልቅ አንድ ነጥብ ወይም ትንሽ ክልል ይምረጡለት። ሰፊ ክልል ከተሰጠው መስታወቱ ላይ ያለ ጭረት ወይም ከፊት ያለ ቅጠል ይይዛል።

በመስታወቱ ላይ ራሴንና መስኮቱን አያለሁ። ፖላራይዘር ማጣሪያ ያስወግደዋል?

ፖላራይዘር መስታወትን በሰያፍ ሲመለከቱ፣ በተለይ ከፊት ለፊት መስመር 56 ዲግሪ አካባቢ ሲያዘነብሉ፣ ነጸብራቅን በደንብ ያጠፋል። ፊት ለፊት ቆመው ሲያነሱ ግን የሚያደርገው ነገር የለም። ዓሣ ደግሞ በሰያፍ አይነሳም። ብርሃን ከውኃ ወጥቶ በመስታወት በኩል ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚሰበር፣ ባዘነበሉ ቁጥር ምስሉ ይለሰልሳል፣ በጠርዞቹም ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ይወጣል። ሌንሱ ከመስታወቱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይዞ መቆም አለበት። ፖላራይዘሩ በዚህ ላይ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ ስለሚወስድ ጨርሶ አልመክረውም።

የሚሠራው ሌላ ነው። የክፍሉን መብራት አጥፍተው መጋረጃውን ይዝጉ፤ የአኳሪየሙ መብራት ብቻ ይብራ። ጥቁር ልብስ ይልበሱ፣ የካሜራውን ብርማ ክፍልና ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑ። ከሁሉም በላይ ለስላሳ የጎማ ሌንስ ከለላ ገዝተው መስታወቱ ላይ ያስደግፉት፤ ከጎን የሚመጣው ብርሃን በሙሉ ይቆረጣል።

ፎቶው ላይ ጥቁርና ብሩህ አግድም መስመሮች ይወጣሉ። ካሜራው ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፤ የመብራቱ ብልጭ ድርግም ነው። በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የቆየ ዓይነት የፍሎረሰንት ቱቦና ርካሽ የኤል.ኢ.ዲ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይን አይለየውም፤ ፈጣን ሹተር ግን ይይዘዋል። በተለይ በድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ሲነሳ መስመሮቹ ይበረታሉ።

መፍትሔው ሹተሩን ከኤሌክትሪኩ ጋር ማስማማት ነው። በኢትዮጵያ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ይስማማል። በአሜሪካና በሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 ወይም 1/120 ሰከንድ ይሁን። እነዚህ ፍጥነቶች ለሚሮጥ ዓሣ እንደማይበቁ ከላይ አይተናል፤ ፍላሽን አጥብቄ የምመክርበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ብርሃኑን መጨመርና መቀነስ የሚቻልበት የኤል.ኢ.ዲ መብራት ካለዎት ደግሞ ሙሉ ብርሃኑ ላይ ያድርጉት፤ ብዙዎቹ ብርሃን የሚቀንሱት በፍጥነት እየጠፉና እየበሩ ስለሆነ ነው። መደበኛውን ሜካኒካል ሹተር መጠቀምም ይረዳል።

ብርማ ዓሦች ነጭ ሆነው ይቃጠላሉ።

የብርማ ዓሣ ቆዳና ቅርፊት ብርሃንን እንደ መስታወት የሚመልሱ ስስ የጓኒን ክሪስታሎች አሉት። ኋላው ጨለማ ሲሆን ካሜራው ፎቶውን ለማብራት ይሞክርና ዓሣው ይነጣል። የብርሃን ማካካሻውን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ) ከ2/3 እስከ 1 ደረጃ ይቀንሱ፣ ወይም ፍላሹን ትንሽ ወደ ኋላ ያርቁ። ጨለም ብሎ የተነሳ በኋላ ይበራል፤ የነጣ ቅርፊት ግን ዝርዝሩ አይመለስም።

ውኃው ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣብ በዛብኝ።

የምግብ ፍርፋሪ፣ የአየር አረፋና የተነሳ ደለል ናቸው። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ዓሦቹን አይመግቡ፤ ይልቁንም ከመመገቢያ ሰዓታቸው ትንሽ ቀደም ብለው ይሥሩ። የራባቸው ዓሦች ሰው ሲያዩ ወደ ፊት መስታወት ይመጣሉ። ውኃ በቀየሩበት ዕለትም አያንሱ፤ ከቧንቧ የመጣ አዲስ ውኃ ደቃቅ አረፋ ይዞ ይመጣና ቅጠሉ ላይም መስታወቱ ላይም ይለጠፋል። በማግስቱ ውኃው በጣም የጠራ ይሆናል። የአየር ፓምፑን ለጥቂት ደቂቃዎች ማጥፋት ይቻላል፤ መልሶ ማብራቱን ግን የሚያስታውስዎት ነገር ያዘጋጁ።

መስታወቱን ከውስጥ በኩል በአልጌ መፋቂያ፣ ከውጭ በኩል በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። በጠርሙስ የሚሸጥ የመስታወት ማጽጃ አጠገቡ አይርጩ። ብዙዎቹ አሞኒያ አላቸው፤ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል።

በጠባብ የፎቶ ገንዳ ማንሳት ተገቢ ነው?

አንዳንድ ጊዜ። ዓሣ አጥኚዎች ከወንዝና ከሐይቅ የያዙትን ዓሣ በጠባብ የመስታወት ገንዳ ውስጥ አድርገው የሚያነሱት ቀለሙ ከሞት በኋላ ቶሎ ስለሚጠፋ ነው። እንደ ጣና ባለ፣ ከሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር በላይ የላቤዮባርበስ (ቀድሞ ባርበስ ይባሉ የነበሩ ዓሦች) ዝርያዎችን በያዘ ሐይቅ፣ በሕይወት እያለ የተነሳ ጥሩ ፎቶ ለሳይንስ ማስረጃ ነው። ለቤት ዓሣ ግን ለጌጥ ፎቶ ብሎ ከመንጋው መነጠል ደስ አይለኝም። ዳኒዮና ቴትራ የመንጋ ዓሦች ናቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ቀለማቸው ይገረጣል፣ ክንፋቸውን ይሰበስባሉ።

ዓሣው እንዳይርቅ ከፈለጉ በዚያው አኳሪየም ውስጥ ከፊት መስታወቱ ስምንት ወይም አሥር ሴንቲሜትር ርቆ አንድ ንጹሕ፣ ጠርዙ የተሞረደ መስታወት ያቁሙ። ጥቂት ዓሦች በዚህ መካከል ሲዋኙ ከፎከስ መስመሩ ብዙ አይወጡም፤ ውኃውም ሙቀቱም የራሳቸው ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ አያቆዩአቸው።

ፍላሽ ዓሦቹን ይጎዳቸዋል?

አብዛኞቹ ዓሦች የዓይን ቆብ የላቸውም፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ድንጋጤያቸው ነው። ጨለማ ውስጥ በድንገት ብርሃን ሲፈነጥቅባቸው ሮጠው ከመስታወቱ ጋር ይላተማሉ። የክፍሉን መብራት ሲያጠፉ የአኳሪየሙ መብራት መብራት አለበት ያልኩት ለነጸብራቁ ብቻ ብዬ አይደለም። ማታ መብራታቸው ከጠፋ በኋላ አያንሱ። የመጀመሪያዎቹን ብልጭታዎች በትንሽ ኃይል፣ አራርቀው ያድርጓቸው፤ ምግብ ፈልገው ወደ መስታወቱ የሚመጡ ዓሦች ቶሎ ይለምዱታል። ጥግ ይዘው የሚደበቁ፣ በፍጥነት የሚተነፍሱ ወይም ቀለማቸው የገረጣ ከሆነ ለዚያ ቀን ይብቃ። መስታወቱን ደግሞ በጣት አያንኳኩ፤ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ያንን ድምፅና ንዝረት በመላ ሰውነቱ ይሰማዋል።

በስልክ ማንሳት ይቻላል?

ይቻላል። የስልኩን ፍላሽ ያጥፉ፣ ከላይ ብርሃን ይጨምሩ፣ ሌንሱን ወደ መስታወቱ ያስጠጉ፤ የስልክ ሌንስ ትንሽ ስለሆነ ነጸብራቁ በቀላሉ ይጠፋል። በመረጡት ቦታ ላይ ስክሪኑን ተጭነው በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፣ ከዚያ በተከታታይ ማንሻው ዓሣው ሲያልፍ ይጫኑ። በ4ኬ ቪዲዮ ቀርጾ ከውስጡ አንዱን ፍሬም መምረጥም ያዋጣል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ስምንት ሜጋፒክሰል ያህል ነው።

ከየትኛው ዓሣ ልጀምር? በየትኛው ሰዓት?

ከኮሪዶራስ፣ ከቤታ ወይም ከኤንጅልፊሽ ይጀምሩ፤ ዝግ ብለው ስለሚንቀሳቀሱ ብርሃኑንና ፎከሱን ይለማመዱባቸዋል። ከዚያ ወደ ጋፒ፣ በመጨረሻ ወደ ዳኒዮ። ዚብራ ዳኒዮዎች እንቁላል የሚጥሉት ጠዋት ብርሃን ሲመጣ ነው። መብራቱ እንደበራ ወንዶቹ ሴቶቹን ጎን ለጎን ሲያሳድዱ፣ ሰማያዊ መስመሮቻቸው ሲደምቁ ማየት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ የማያገኙት ፎቶ በዚያች ሰዓት ይገኛል፤ መሣሪያዎን ማታ አዘጋጅተው ይተኙ።

ቀለሙ በዓይኔ ከማየው ይለያል። እንዴት ላስተካክለው?

በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ያንሱ፤ ካሜራው አቀነባብሮ የሚያስቀምጠው ጄፔግ የተሳሳተ የነጭ ሚዛንን ብዙ አያስተካክልም። ከመጀመርዎ በፊት ንጹሕ ነጭ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ሳሙና ያልነካው ማንኪያ፣ ዓሣው በሚዋኝበት ቦታ ይዘው በዚያው ብርሃን አንድ ፎቶ ያንሱ። በኮምፒውተር ላይ ያንን ነጭ እንደ ነጭ አድርገው ሌሎቹን በእርሱ ልክ ያስተካክሏቸው። የተክል መብራቶች ወደ ሮዝና ሰማያዊ ስለሚያደሉ በእነርሱ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ይህ በተለይ ያስፈልገዋል። ቀለም ማድመቂያውን በጥንቃቄ ይንኩ። የኒዮን ቴትራ ሰማያዊ መስመር የሚመጣው ብርሃንን ከሚመልሱ የቆዳ ሕዋሳት ስለሆነ ብርሃኑ በሚያርፍበት ማዕዘን መጠን ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ሁሉንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ማድረግ ዓሣውን መዋሸት ነው። ሲያስተካክሉ ኮምፒውተሩን ወደ አኳሪየሙ አቅርበው ፎቶውን ከዓሣው ጋር እያስተያዩ ይሥሩ።